የአባቶቻችን ጎፈር

ዱሮ አባት አርበኛ ሲቀበር ጓዶቹ ጎፈር ደፍተው አስከሬኑን ሲያጅቡ ያላየ ከእኛ ሽማግሎች መሀል የለም። ጎፈር ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ የዘማች የራስ ጌጥ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ በአርበኞቻችን ራስ ላይ ታይቷል። የአንበሳው ሲጠፋ የጭላዳ ጠጉርም ይሠሩበት ነበር። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ የካቲት 23 ቀን ወጣቶቹ የሚደፉት በብዛት ሰው ሠራሽ ነው፤ ይሁን፣ አይከፋም። እኔን የሚቆጨኝ ዋናው ነው። የጣና እርጥበትና ብል ያልጨረሰውን ነጋዴ ይወስደዋል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ጎረቤቴ የነበሩ አርበኛ ያረፉ ጊዜ ጎፈራቸውን ለእድሩ ልለምን ብሄድ፣ ተዝካሩ ሳይደርስ ተሽጦ ጠበቀኝ። ምን ላድርግ? ፎቶግራፋቸውን አሳይቼ ከበግ ለምድ አምሳያውን አሠራሁ፤ አሁን ከድንኳናችን ጋር በእድሩ ዕቃ ቤት ተቀምጧል።