የተመራጭ ሰው ሳምንት በአገና፤ ስለ ሁለት ሸንጎዎች ታሪክ አጭር ጥናት

የአገር አስተዳደር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከዐዋጅና ከሹመት ተነሥቶ ነው። ሕዝብ የመረጠው ሰው በተመረጠ ማግሥት ምን ይሠራል፤ ሳምንቱንስ በምን ያሳልፋል ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእዣ አገር በአገና አካባቢ አዲስ የተመረጠ የቀበሌ ምክር ቤት አባል የሚገጥመውን ሥራ ከታሪኩ ጋር አያይዞ መመርመር ነው።

እዣ ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ነው። የቀሩት ቸሃ፣ እነሞር፣ ጌቶ፣ ጉመር፣ እንደጋኝ እንዲሁም ሙኽርና አክሊል ናቸው። እነዚህ ቤቶች የጋራ ጉዳያቸውን የሚመለከቱበት ሸንጎ የጆካ፣ የሚዳኙበት ሥርዓት ደግሞ ቂጫ ይባላል። በክስታኔ ዘንድ የዚህ አምሳያ የሆነው ጎርደና ሴራ ነው። በየጆካ ሥርዓት ነገር የሚጀመረው በመንደር ሽማግሌ ፊት ነው፤ እዚያ ያላለቀው ወደ ጎሳ፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ሸንጎ፣ በመጨረሻም ወደ የጆካ ይደርሳል። ፍርዱ የሚጸናው እጅ ተቆጥሮ ሳይሆን ተነጋግሮ በመስማማት ነው። ስለዚህ ለሽማግሌው ሥልጣን የሚሰጠው ሹመት ሳይሆን የንግግር ችሎታውና የተመሰከረለት እውነተኛነቱ ነበር።

የምርጫ ወረቀት ወደ አገሩ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ስለ ፈቀደ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ከዚያ በኋላ ተደረገ። ነገር ግን ለመወዳደር 1000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ለብዙው ገበሬ በሩ ዝግ ነበር። በ1958 ዓ. ም. በትእዛዝ ቁጥር 43 የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር እንዲቋቋም ቢታሰብም፣ ፓርላማው የገንዘቡን ሕግ ሳያጸድቅ ስለ ቀረ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀረ።

በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በ20 ጋሻ መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። በዚህም ተመራጭ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንደሩ በር ደረሰ፤ ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ የሕዝቡን ቃል ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ የመንግሥትን ትእዛዝ ወደ ታች ማውረድ ዋና ሥራው ሆነ። በ2000 ዓ. ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 ደረሰ፤ በመላ አገሪቱ የተመረጡትም 3.6 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። የተቃዋሚ ድርጅቶች ድርሻ ግን ከምንም የማይቈጠር ነበር። ቀጣዩ ምርጫ በ2005 ዓ. ም. ተደረገ፤ በ2010 ዓ. ም. ሊደረግ የነበረው ግን በጊዜው አልተደረገም።

እንግዲህ አዲሱ ተመራጭ ሳምንቱን የሚጀምረው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው። የቀበሌ ምክር ቤት አባልነት ደመወዝ የሌለው በመሆኑ አብዛኛው ቀኑ የእንሰቱና የከብቱ ነው። ስብሰባው የሚደረገው አልፎ አልፎ ነው፤ የሕዝቡ ጥያቄ ግን ቀጠሮ የለውም። በገበያ ቀን ስለ መንገድና ስለ ውሃ ይጠየቃል፤ በለቅሶ ቦታ ስለ ድንበር ክርክር ይሰማል። መልስ ለመስጠት ደግሞ በጀት በእጁ የለም። የቀድሞው ምሳሌም ይህንኑ ያስታውሰናል፦ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅት መንገድ የጠረገው አዲስ አበባ ባሉ ነጋዴዎችና በአገር ቤት ሕዝብ መዋጮ ነበር። ማንም በድምፅ ሳይመርጠው ሥራ የሠራ ማኅበር ባለበት አገር፣ ተመርጦ ሥራ የሌለው ሰው መታፈሩ አይቀርም ማለት ያስቸግራል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ለሽማግሎቹ እንተወው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን በቃል የሚተረከውን የየቃቄ ውርድወትን ታሪክ መርሳት አይገባም። በ19ኛው መቶ ዓመት በሙኽር የኖረችው ይህች ሴት፣ ወንድ ብዙ ሲያገባ ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ለምን መፋታት አትችልም ብላ በየጆካ ፊት ተከራከረች። ሸንጎው እውነትን መዛኝ ቢሆንም የተቀመጡበት ወንዶች ነበሩ፤ እርስዋም የቀረበችው እንደ አባል ሳይሆን እንደ ከሳሽ ነበር። የምርጫ ሕግ፣ ጉድለቱ ምንም ቢበዛ፣ ለውርድወት ልጆች ወንበር ሰጥቷል።

ስለዚህ ከሁለቱ ሸንጎዎች አንዱ ብቻ አይበቃም። የጆካ መታመንን ያውቃል፤ ሁሉን ማስቀመጥ ግን አላወቀም። የተመረጠው ምክር ቤት ሁሉን ማስቀመጥ ያውቃል፤ መታመንን ግን ገና ሊማር ይገባዋል። ተመራጩ በወረቀቱ ብቻ ቢመካ የሚሰማው አያገኝም፤ በሽማግሎቹ ብቻ ቢደገፍ ደግሞ ከሸንጎው ውጭ የቆሙትን ይረሳል። የሳምንቱ ድካም ዋጋ የሚኖረው ሁለቱን ሲያገናኝ ነው።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች የማሳስበው አንድ ነገር ነው። ለመስቀል ወደ አገር ቤት የምንገባ ሁሉ የበዓሉን ክትፎ በልተን ብቻ አንመለስ፤ አረጋውያኑ ሳያልፉ ስለ ቂጫ፣ ስለ ገበሬ ማኅበርና ስለ ምርጫው የሚያስታውሱትን ጠይቀን እንጻፍ። የተመራጭ ሰው ታሪክ በመዝገብ ቤት ካለው ይልቅ በእነርሱ ቃል ያለው ይበልጣልና።