መቶ ደወል በአንድ ጊዜ

መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ፣ በሁለተኛው ክፍል፣ ለእንፋሎት ማመንጫዎቹ ውኃ የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ። ተርባይኑም ሪአክተሩም እንደታቀደው ወዲያው በራሳቸው ቆሙ። ይሁን እንጂ ግፊቱን ለማስተንፈስ የተከፈተው ቫልቭ መዘጋት በሚገባው ጊዜ ሳይዘጋ ቀረ። በሰሌዳው ላይ ያለው መብራት ግን ተረኞቹን ተዘግቷል አሰኛቸው፤ መብራቱ የሚያመለክተው የመዝጊያው ትእዛዝ መላኩን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረምና።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 የሚበልጡ ማስጠንቀቂያዎች ተሰሙ። ዋናውን ከተራው የሚለይ ሥርዓት አልነበረም። ማስጠንቀቂያዎቹን የሚመዘግበው የኮምፒዩተር ማተሚያ እንኳ ከድርጊቱ ከ2 ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ተረኞቹ የግፊት መጠበቂያው ጋን የውኃ ከፍታ ሲጨምር ስላዩ፣ በሥልጠናቸው እንደተማሩት ውኃው በዝቷል ብለው የአደጋ ጊዜውን ማቀዝቀዣ ውኃ ቀነሱ። የግፊቱ መውረድ ግን በዚያው ክፍል ይነበብ ነበር። ከፍታው ለብቻው ሲታይ «ሞልቷል» ይላል፤ ከግፊቱ ጋር ሲነበብ ግን «እየፈሰሰ ነው» ይል ነበር። ፍሳሹ የተገታው ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ ሲሆን፣ የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ መቅለጡ ዓመታት ቆይቶ ታወቀ።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በኦሃዮ ግዛት፣ በዴቪስ-ቤሲ ማመንጫ፣ ተመሳሳይ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። ሪአክተሩ በ9 በመቶ ኃይሉ ብቻ ይሠራ ስለነበረና ተረኞቹ በ20 ደቂቃ ገደማ ስለደረሱበት ጉዳት አልደረሰም። የሠሪው ኩባንያ መሐንዲሶች ለኦፕሬተሮች ግልጽ መመሪያ እንዲሰጥ በጽሑፍ አሳሰቡ፤ ነገር ግን ማሳሰቢያው ለሌሎቹ ማመንጫዎች ሳይተላለፍ አደጋው ቀደመው።

በፕሬዚዳንት ካርተር የተሰየመውና በጆን ኬመኒ የተመራው ኮሚሲዮን ዋናው ችግር ከመሣሪያው ይልቅ በሰው፣ በሥልጠናና በአደረጃጀት በኩል መሆኑን አስታወቀ። ትምህርቱ ግን ፈጥኖ አልተዳረሰም። እ.ኤ.አ. በ1994 በዌልስ፣ በሚልፎርድ ሄቨን የነዳጅ ማጣሪያ፣ ከፍንዳታው በፊት በነበሩት የመጨረሻ 11 ደቂቃዎች ሁለት ኦፕሬተሮች 275 ማስጠንቀቂያዎች ተደራርበውባቸዋል።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያ መጨመር ቀላል ነው፤ ትርጉሙን ማስያዝ ግን የመሐንዲሱ ግዴታ ነው። ደወል ስንተክል «ሲጮኽ ተረኛው ምን ያደርጋል? ከየትኛው ንባብ ጋርስ ያመሳክረዋል?» ብለን መጠየቅ አለብን። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለመቆጣጠሪያ ክፍልም ይሠራል።