ሌንስ ካሜራ ሲቀይር

እ.ኤ.አ. በ1950፣ የኮሪያ ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ዳንካን ቶኪዮ ነበር። ጃፓናዊው ባልደረባው ጁን ሚኪ በ85 ሚሊ ሜትር ኒኮር ሌንስ ፎቶ አነሳው። በዚያ ዘመን የጃፓን ሌንስ ይናቅ ስለነበር ዳንካን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ግን ጥራቱን ማመን አቃተው። ከባልንጀራው ከሆራስ ብሪስቶል ጋር ወደ አምራቹ ኒፖን ኮጋኩ ሄዶ ሌንሶቹን አስፈተሸ፤ ጀርመን ሠራሽ ለሆኑት የላይካ ካሜራዎቹም ኒኮር ገዛላቸው። በሰኔ ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ግንባር የወሰደው የጀርመን ካሜራ የጃፓን ሌንስ ጎርሶ ነበር።

ይህ ሊሆን የቻለው የላይካ አምራች ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በወሰነው ነገር ነው። በ1930 ሌንሱ የሚፈታ ላይካ ለገበያ ሲቀርብ እያንዳንዱ ሌንስ የሚስተካከለው ለአንድ ካሜራ ብቻ ነበር፤ ሌላ ካሜራ ላይ ቢታሰር ምስሉ ሊደበዝዝ ይችላል። በዓመቱ ኩባንያው ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለውን ርቀት 28.8 ሚሊ ሜትር ብሎ ቆረጠ፤ ልኩን በጠበቁት ካሜራዎች መቀመጫ ላይም ትንሽ «0» ቀረጸ። የብሎኑ ስፋት 39 ሚሊ ሜትር ነበር። እነዚህን ልኮች የጠበቀ ማንኛውም ፋብሪካ ለላይካ ሌንስ መሥራት ቻለ። ኒፖን ኮጋኩም የራሱ ኒኮን መቀመጫው ሌላ ሆኖ ሳለ ለተፎካካሪው ካሜራ ያመርት ነበር።

በ1954 ላይካ ኤም3 ሲወጣ ብሎኑ ቀርቶ ሌንሱ ጠምዘዝ ተደርጎ የሚቆለፍ ሆነ። ርቀቱ 27.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ልክ 1 ሚሊ ሜትር ያጠረ ነው። በዚህች ክፍተት ስስ ቀለበት ሲገባ የድሮው ሌንስ ትክክለኛ ቦታው ላይ ይቀመጣል። የድሮ ደንበኛን በዚህ መጠን ያሰበ መሐንዲስ ሊመሰገን ይገባዋል።

ካኖን በ1987 የሄደው በተቃራኒው ነው። የድሮው ኤፍዲ መቀመጫ ርቀት 42፣ የአዲሱ ኢኤፍ መቀመጫ 44 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበት ርቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ የድሮው ሌንስ አዲሱ ካሜራ ላይ ሲታሰር ሩቅ ያለውን አጥርቶ ማሳየት አይችልም። ተጨማሪ መስታወት ያለው አዳፕተር ያስፈልገዋል፤ ያ መስታወት ደግሞ ጥራቱን ይነካል። ካኖን ሰፊ መቀመጫና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌንስ አግኝቷል። ዋጋውን የከፈሉት ግን ለዓመታት ኤፍዲ ሲያጠራቅሙ የኖሩት ናቸው።

በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1 በካሜራው ሆድ ውስጥ ቦታ ይዞ የነበረውን፣ ምስሉን ወደ ዓይን የሚያንጸባርቀውን መስታወት አስወጣ። ርቀቱ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ወረደ፤ በ2010 የሶኒ ኔክስ 18 አደረሰው። 46.5 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ የኒኮን ሌንስ ሶኒ ላይ ለመታሰር 28.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ቱቦ ይበቃዋል። ከሶቭየት ዘመን የተረፉት ሄሊዮስ ሌንሶችም እንደገና ተፈላጊ ሆኑ። እንዲህ ሲታሰሩ ግን ፎከሱንም ሆነ የብርሃኑን መጠን በእጅ ማስተካከል ግድ ነው።

ሁሉም ሌንስ ግን ከአዲሶቹ ካሜራዎች ጋር አልተስማማም። ለላይካ ከተሠሩት ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች አንዳንዶቹ ብርሃኑን ወደ ጠርዝ በጣም አዝምመው ይልካሉ። ፊልም ይህን ችሎ ይቀበል ነበር፤ በዲጂታል ሴንሰር ላይ ግን ከፊቱ ያለው መስታወት የምስሉን ጠርዝ ያደበዝዛል፣ ቀለሙም ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ ይችላል።