ፓምፑን ማን ያቆመዋል?

ስለ ውኃ ፓምፕ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ውኃን ከጥልቅ ስለ ማውጣት ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ወይም መንደር ውኃ ሳይቋረጥ እንዲኖር ግን ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ይኸውም ፓምፑ መቼ እንዲነሣ፥ መቼም እንዲቆም ማወቅ ነው። በዚህች አጭር ጥናት የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን የታሪክ ክፍል ነው።

ሁለቱም ጥበቦች የተገኙት በአንዲት ከተማ፥ በእስክንድርያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ክቴሲቢዮስ ባለ ሁለት ሲሊንደር ፓምፕ ሠራ። ከልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሄሮን፥ ውኃው ሲጎድል መግቢያውን የሚከፍት፥ ሲሞላም የሚዘጋ ተንሳፋፊ ያለበትን ዕቃ በመጽሐፉ ገለጸ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ተጣምረው ለመንደር ውኃ ሲያገለግሉ የምናየው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በ1712 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ውኃ ለማውጣት ተከለ። ሞተሩ ቫልቮቹን በራሱ እንቅስቃሴ ይከፍትና ይዘጋ ነበር፤ በጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንደ ቀረ ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው አጠገቡ የቆመው ሠራተኛ ብቻ ነበር።

በ1854 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዳንኤል ሃላዴይ ወደ ነፋስ አቅጣጫ በራሱ የሚዞርና ነፋስ ሲበረታ ፍጥነቱን የሚገታ የነፋስ ፓምፕ አወጣ። ኋላም በእንዲህ ያለ ፓምፕ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተንሳፋፊ ይደረግ ጀመር፤ ጋኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ሽቦ ስቦ መዘውሩን ያቆመዋል። ኤሌክትሪክ ሲመጣም ሐሳቡ አልተለወጠም፤ ተንሳፋፊው በሽቦው ፈንታ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ መጫን ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። ማስነሻውና ማቆሚያው ከፍታ እጅግ መቀራረብ የለባቸውም። ለምሳሌ ፓምፑ በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ይሰጣል፥ ሕዝቡም በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ይቀዳል እንበል። በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለው ውኃ 12 ሜትር ኩብ ከሆነ፥ ጋኑ በ4 ሰዓት ይሞላል፥ በ6 ሰዓት ይጎድላል፤ ሞተሩም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ይነሣል። ልዩነቱ 0.3 ሜትር ኩብ ቢሆን ግን በ6 ደቂቃ ሞልቶ በ9 ደቂቃ ስለሚጎድል፥ ሞተሩ በቀን 96 ጊዜ ይነሣል። ሞተር በቀጥታ ሲነሣ የሚስበው ኃይል በሥራ ላይ ሳለ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፥ እንዲህ ያለው መነሣትና መቆም ቶሎ ያቃጥለዋል።

ሁለተኛው አደጋ ከታች ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚሰጥመው ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በሚስበው ውኃ ነው። የጉድጓዱ ውኃ ወርዶ ሳለ ላይኛው ጋን ባዶ ስለሆነ ብቻ ይሥራ ቢባል፥ ደርቆ ይነዳል። ስለዚህ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ አንዱ የጋኑን ጉድለት፥ ሌላው የጉድጓዱን ይዞታ የሚናገር።

በአገራችን ትናንሽ ከተሞችና ገጠሮች ሞተረኛው ሞተሩን በእጁ ሲያስነሣና ሲያቆም፥ የውኃ ኮሚቴውም የቦኖውን ገንዘብ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነው። ተንሳፋፊ ማብሪያ ቢገባ ሞተረኛው አያስፈልግም የሚል አስተሳሰብ ግን ከታሪኩ ጋር አይስማማም። ተንሳፋፊ ይነክሳል፥ ሽቦ ይበጠሳል፥ የጉድጓዱንም ጠቋሚ ጭቃ ይሸፍነዋል። መሣሪያው ሰውየውን ከማስነሣትና ከማቆም ድካም አሳርፎ የመመርመርን ሥራ ሰጠው እንጂ አላሰናበተውም።

እንግዲህ ለአንድ መንደር ፓምፕ ሲተከል፥ ስንት ሊትር ያወጣል ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ማን ያቆመዋል፥ አቋሚውንስ ማን ይመረምረዋል ተብሎ አስቀድሞ ካልተወሰነ፥ ሞተሩ በተቃጠለ ማግሥት እንስራ የተሸከሙት እናቶችና ልጃገረዶች ወደ ቀድሞው ወንዝ መመለሳቸው አይቀርም።