መሬት የሸጠው ባቡር

ካርታ ክፈቱና በቶኪዮ ደቡብ ምዕራብ በኩል ዴንኤንቾፉ የሚባለውን የባቡር ጣቢያ ፈልጉ። ከጣቢያው በስተምዕራብ ያለው ሰፈር የግማሽ ጀንበር ቅርጽ አለው፦ አንዳንዶቹ መንገዶች ከጣቢያው እንደ ጨረር ይወጣሉ፤ ሌሎቹ በግማሽ ክብ ያቋርጧቸዋል። ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ የተስተካከለ ነገር ሳይ «ማን፣ ለምን ብሎ ሠራው?» ሳልል አላልፍም።

መልሱ መሬት ነው። በ1918 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሺቡሳዋ ኤይቺ የተባለው ባለሀብት ከሌሎች ጋር ሆኖ ስሙ «የአትክልት ከተማ» ማለት የሆነ ኩባንያ አቋቋመ። አዎ፣ ከ2024 ጀምሮ በ10,000 የን ኖት ላይ ያለው ሰውዬ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከእንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ ነው። ሃዋርድ በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ ያለማት ከተማ ሥራም መኖሪያም ያላት፣ መሬቷም የጋራ የሆነ ነበረች። ከተማዋ ስታድግ የመሬቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ጭማሪው ደግሞ ለነዋሪው ይመለሳል።

ቶኪዮ ሲደርስ ግን ነገሩ ተቀየረ። ኩባንያው መሬቱን ገዝቶ፣ ሸንሽኖ ለግለሰቦች ሸጠ። ታዲያ ሥራው ያለው መሀል ከተማ ነው፤ ባቡር የማይደርስበትን መሬት ማን ይገዛል? ስለዚህ የባቡር ኩባንያም ተመሠረተ፤ የዛሬው ቶኪዩ ከዚያ ያደገ ነው። ጣቢያው በማርች 1923 ተከፈተ። ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በሴፕቴምበር 1፣ ታላቁ የካንቶ መሬት መንቀጥቀጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። መሀል ከተማው በእሳት ሲወድም አቅም ያለው ሰው ዓይኑን ወደ ዳር አዞረ።

ባቡሩን ይመራ የነበረው ጎቶ ኬይታ ሌላም ችግር ነበረበት። ሰፈሩ መኖሪያ ብቻ ከሆነ ጠዋት ባቡሩ ወደ ከተማ ጢም ብሎ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። መላው ትምህርት ቤቶችን ወደ መስመሩ ማምጣት ሆነ፤ በ1924 የቶኪዮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወደ ኦኦካያማ ተዛወረ። ተማሪው በተቃራኒው አቅጣጫ ይሳፈራል። እኛ ሰርቨር ላይ ጭነት እንደምናከፋፍለው ማለት ነው፤ ብልህ ሥራ ነው።

ጥያቄዬ ግን ትርፉ ላይ ነው። ጣቢያ ሲከፈት በዙሪያው ያለው መሬት ይወደዳል። ያ ጭማሪ የማን ነው? ሃዋርድ «የነዋሪው» ብሎ ነበር። ዴንኤንቾፉ ላይ ለኩባንያውና ለባለይዞታው ሆነ፤ ሰፈሩም ከቶኪዮ የሀብታም ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ቀረ። ቤቱ ከቦታው ከግማሽ በላይ እንዳይይዝ የሚለው የጥንቱ ደንብ አረንጓዴውን ጠብቋል፤ በዋጋው መናር የተነሳ ከበር የተመለሰውን ሰው ግን አላስገባም።

የድሮው የጣቢያ ሕንፃ ሐዲዱ ከመሬት በታች ሲገባ በ1990 ተነሣ። በ2000 መልሰው ሠሩት። ዛሬ ባቡሩ ከሥር ያልፋል፤ ሕንፃው ከላይ ለምልክት ቆሟል። ከሃዋርድ ሐሳብም የተረፈው ይህን ያህል ይመስለኛል፦ መልኩ አለ፣ ሥራው የለም።