የመንደር ውል

በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ የመንደር ውል አለ። ከደብተር የተገነጠለ ቅጠል ነው፤ ለዓመታት በአራት ታጥፎ ስለኖረ መታጠፊያው ሳስቷል። ከላይ በሰማያዊ እስክሪፕቶ «የቤት ሽያጭ ውል» ይላል። ከግርጌው የሻጭ የአውራ ጣት አሻራ፣ የገዢዋ ፊርማና የሦስት እማኞች ስም ሰፍሯል። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ደንበኛዬ «ምን ያደርግልኛል፤ አንተው ዘንድ ይቀመጥ» ብላ ትታልኝ ሄደች።

ቦሌ ላይ ጥብቅና ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከገርጂ እስከ አያት፣ ከቡልቡላ እስከ አራብሳ ያለውን አገር ያወቅኩት በቤት ክርክር ነው፤ ብዙው ክርክር ደግሞ ከእንዲህ ያለ ቅጠል ይነሣል።

ድሮ በርስት ሙግት ዋናው ማስረጃ ሰው ነበር። ድንበሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ተጠርቶ ይምላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ ነገረ ፈጁ በአንደበቱ ይረታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወረቀትን አስቀደመ። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ለአራዳ ሰው ይህ ቀላል ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ተነሥቶ ከሰፈረበት ከቦሌ ሜዳ ባሻገር ያለው ምሥራቁ ግን ያን ጊዜ የገበሬ አገር ነው። እዚያ ውል የሚጸናው ጎረቤት ባየው፣ ሽማግሌ ባወቀው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ተከታትለው መጡ። የካቲት ላይ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ወሰዱ። ከተሜው አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ቀረለት፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ትርፍ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ገባ። መሬት መሸጥ ክልክል ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና። ቤት ግን ይሸጣል።

የመንደር ውል የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲገፋ ገበሬው ማሳው ነገ ለልማት እንደሚነሣ ያውቃል፤ ተከራይቶ የሰለቸው ከተሜ ደግሞ መቶና ሁለት መቶ ካሬ ይፈልጋል። መሬት ሸጥኩ ማለት ስለማይቻል ውል ጸሐፊው «አንድ ክፍል ጭቃ ቤት» ብሎ ይጽፋል። ዋጋው ግን የቦታው ነው። ሁለቱም ወገኖች ሌላ መንገድ አልነበራቸውምና አልፈርድባቸውም።

እጄ ላይ ያለው ቅጠል መጨረሻው ላይ፣ ውሉን ያፈረሰ ገደብ እንደሚከፍልና ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 የጸና መሆኑን ይናገራል። ያየሁት የመንደር ውል ሁሉ ማለት ይቻላል እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዟል። ጸሐፊዎቹ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘዋቸዋል። የቤት ውልን የሚገዛው 1723 ግን አንድም ቀን ተጽፎ አላየሁም። ከ1731 በስምንት ቁጥር ብቻ የሚቀድም አንቀጽ ነው! ያን ቢያውቁ ስንቱ ሰው ከቤቱ ባልወጣ።

በ1999 ዓ.ም. የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1723 መሠረት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ አይጸናም አለ። በወቅቱ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ በየመሳቢያው የተቀመጠው ቅጠል በአንድ ጊዜ ዋጋ አጣ። በኋላ ሻጩ መሸጡን ካልካደ ይጸናል የሚል ለዘብ ያለ ትርጉም መጣ፤ ለካደው ግን በሩ ክፍት ነው።

ደንበኛዬ የገዛችው በ1993 ዓ.ም. በ18,000 ብር ነው። ጭቃ ቤቷን አፍርሳ በብሎኬት ሠራች፤ ልጆቿንም እዚያው አሳደገች። አሮጌው ጭቃ ቤት በ1988ቱ የአየር ፎቶ ላይ ስለሚታይ ይዞታው ሕጋዊ ሲደረግ ካርታው በሻጩ ስም ወጣ። ሻጩ ሲሞቱ ልጆቻቸው «አሻራው የአባታችን አይደለም» ብለው ከሰሱ። ተረታን። ተዋዋዮች ወደነበሩበት ይመለሱ ተባለና 18,000 ብሯና የግንባታው ግምት ተቆረጠላት። በዚያ ገንዘብ በዚያ ሰፈር አንዲት ክፍል እንኳ አይገዛም።

ከእማኞቹ በሕይወት የነበሩት አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው። ከማለዳ ጀምረው ቢጠብቁም፣ ሕጉ በጽሑፍና በአዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዘዘው ውል በሰው ምስክር አይረጋገጥምና ዳኛው ሳይሰሟቸው አሰናበቷቸው። ግቢው ውስጥ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ የለካሁት» አሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው ከጽድ ዛፉ ሥር ተነሡና እየቆጠሩ መራመድ ጀመሩ፤ ሃያ እርምጃ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞረው አሥር። መጨረሻው ላይ ቆመው መሬቱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉ፤ «ድንጋዩን እዚህ ላይ ነው የተከልነው» አሉኝ።