መልእክት ደረሰ ወይ?

ኮልፌ በተነሳ ቁጥር ታሪክ ወዳዱ ሁሉ ማንዴላን ይጠራልናል። እርግጥ ነው፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። እኛም የሰፈሩ ልጆች ነንና በዚህ ስንኮራ አድገናል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ከካምፑ አጥር ውጪ ነው። ማንም ሐውልት የማያቆምለት፣ ነገር ግን ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሚደገም ጉዳይ አለ። ሕፃን ከትምህርት ቤት ይወጣል፤ ሊወስደው የመጣው ሰው "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ይለዋል፤ ሕፃኑም "ምንም" ብሎ ይመልሳል።

ይህ "ምንም" ቀላል ነገር አይደለም። የአራት ዓመት ልጅ ከቤቱ ርቆ ስድስት ሰባት ሰዓት ውሎ ስለ ውሎው የሚሰጠው ሙሉ መግለጫ ይኸው ነው። ታዲያ ወላጅ የልጁን ውሎ ከማን ይስማ? ነገ ምን እንዳለ፣ በዓል መቼ እንደሚዘጋ፣ ምን ልብስ እንደሚያስፈልግ ማን ይንገረው? ጥያቄው የዘመናችን ይመስላል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። እያንዳንዱ ዘመንም የየራሱን መልስ ሰጥቶታል።

ከስሙ እንጀምር። "መዋዕለ ሕፃናት" እንላለን። "መዋዕል" በግእዝ ቀናት፣ ዘመን ማለት ነው። የነገሥታቱን ውሎና አዳር የሚዘግበውን መጽሐፍ "ዜና መዋዕል" የምንለውም ከዚሁ ቃል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕላቸውን የሚጽፉላቸው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሯቸው። የኛ ሕፃናት መዋዕሉን አግኝተዋል፤ ዜናው ነው የጠፋው።

ከዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት በፊት ግን የልጅ ወሬ ከቤት አይጠፋም ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ሌላ ሳይሆን ጩኸት ነው። በየኔታ ዘንድ እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ትምህርት ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው። አንዱ "ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ" ሲል፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ያኛው ዳዊት ይደግማል። ውሃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትሄድ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የምታልፍ እናት ቆም ብላ ጆሮዋን ብታቀና የልጇን ድምፅ ከዚያ ሁሉ ትርምስ ለይታ የት እንደደረሰ ታውቃለች። ወረቀት አያስፈልጋትም፤ ማንበብም አይጠበቅባትም። ያው የአለንጋውም ወሬ በዚሁ መንገድ ይደርሳታል፣ እሱን አንደብቅም።

ደስ የሚለን ደግሞ የትምህርቱ ደረጃዎች ስም ነው። ልጁ ከፊደልና ከአቡጊዳ ቀጥሎ የሚያነበው መልእክተ ዮሐንስን ነው። ስለዚህ ጎረቤት ለጎረቤት "ልጅሽ መልእክት ደረሰ ወይ?" ይባባላል። ደረሰ ከተባለ ቡናው ላይ ምርቃት አለ። ዳዊት ሲፈጽም ደግሞ ወላጅ እንደ አቅሙ ደግሶ የኔታንና ጎረቤቱን ይጠራል። የዚያ ዘመን "የወላጆች ቀን" ይሄ ነበር ቢባል አያስኬድም?

በኮልፌ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እስከ መስጊድ ግቢ ሩቅ አይደለም። የቁርአን ቤት ልጅ ደግሞ ከድምፁ በተጨማሪ ሉሁ አለው። በቀለም የተጻፈበትን ሰሌዳ ታቅፎ ሰፈር ለሰፈር ሲያልፍ ላየው ሁሉ የት ሱራ ላይ እንዳለ ግልጽ ነው። ሲያኸትምም እንደዚያው ድግስ አለ።

"አፀደ ሕፃናት" የሚለው ሁለተኛው ስም የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። "አፀድ" የአትክልት ቦታ ነው። ቃሉ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንበርግ ከተማ ለከፈተው፣ በ1840 ደግሞ "ኪንደርጋርተን" ብሎ ለሰየመው ተቋም የተገኘ ግእዛዊ ፍቺ ነው። ሰውየው እናቶችን ከትምህርቱ ውጪ አላደረጋቸውም። እንዲያውም በ1844 እናት ከልጇ ጋር የምትጫወትባቸውን መዝሙሮችና ሥዕሎች የያዘ መጽሐፍ አሳትሟል። (የፕሩሺያ መንግሥት በ1851 ኪንደርጋርተንን ከነጭራሹ አግዶት ነበር። ምክንያቱ ፍሮብልን ከወንድሙ ልጅ ጋር ማምታታት ነው ይባላል። እገዳው በ1860 ሲነሳ ሰውየው ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። ባለሥልጣን ስም ሲያምታታ የሚከፈለው ዋጋ የትም ያው ነው።)

በንጉሡ ዘመን አፀደ ሕፃናት አዲስ አበባ ውስጥ በአመዛኙ የውጭ ዜጎችና የባለጸጎች ልጆች መዋያ ነበር። ለተራው የኮልፌ ነዋሪ በር ላይ የደረሰው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የ1967ቱ የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎችን ፈጠረ፤ ቀበሌዎች ደግሞ በየሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ በተመረጡ ኮሚቴዎች እንዲመሩ አደረገ። በወረቀት ደረጃ ወላጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የትምህርት ቤት ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

በተግባርስ? እናቶቻችንን ጠይቀናል። የሕፃናቱ ጉዳይ የሚነገረው በቀበሌ ስብሰባ ነው። ያውም ከጽዳት ዘመቻው፣ ከመዋጮውና ከኅብረት ሱቁ ስኳር በኋላ፣ በ"ልዩ ልዩ" ሥር። አንዲት ጎረቤታችን "የልጄን ወሬ ለመስማት ሁለት ሰዓት ሙሉ መፈክር እቀመጥ ነበር" ብለው አስቀውናል። ሆኖም አንድ ነገር ጨመሩልን፤ "የሚነገረው ግን በምሰማው ቋንቋ ነው። ያልገባኝን ተነስቼ እጠይቅ ነበር።" ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልን።

ከቀበሌው ጋር አብሮ የሚነሳ ሌላ ነገር አለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ። ስለ ደርግ ብዙ ክፉ ነገር መናገር ይቻላል፣ ይገባልም። ነገር ግን ስማቸውን በጣታቸው አሻራ ሲፈርሙ የኖሩ ብዙ ኮልፌያዊ እናቶች በዚያ ዘመቻ እስክሪብቶ ጨብጠዋል። ከመካከላችን የአንዱ አያት ከነሱ አንዷ ነበሩ። የምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ተደርጎ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከሟች አያታችን ፎቶ ጎን ተሰቅሎ ነበር። ጋዜጣ እጃቸው ከገባ ሞት ማስታወቂያው ሳይቀር ያነባሉ። ፊርማቸውማ! መጨረሻዋ ፊደል ላይ ጅራት አላት፤ እንደ ሚኒስትር ነው የሚፈርሙት።

ከዚያ እኛ መጣን። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ መዋዕለ ሕፃናት ጥሩ ጥሩ ነገር አለ፤ መክፈቱንና ማስኬዱን ግን መንግሥት በአብዛኛው ለግል ባለሀብቱ፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ተወው። በ1990ዎቹ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤተል እስከ ዓለም ባንክ፣ ግቢ ያለው መኖሪያ ቤት ሁሉ በሚኪ ማውስ ሥዕል እየተዋበ "ኬጂ" ሆነ። ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ። ከዩኒፎርሙ ጋርም "ኮሙኒኬሽን ቡክ" የሚባል ደብተር ተሰጠን።

ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ጃፓኖች "ሬንራኩቾ" የሚሉት ተመሳሳይ ደብተር አላቸው። መምህሯ ልጁ ምን እንደበላ፣ እንዴት እንደተኛ፣ ከማን ጋር እንደተጫወተ ትጽፋለች፤ ወላጅ ደግሞ ማታ እንዴት እንዳደረ ጽፎ ጠዋት ይመልሳል። በሁለት አዋቂዎች መካከል የሚመላለስ ደብዳቤ ነው። የኛው ደብተር ግን ሁለት ነገር ተለወጠበት። አንደኛ፣ የሚሄደው እንጂ የሚመለሰው ጠፋ። ለወላጅ የቀረችለት ቦታ ከታች ያለችው የፊርማ መስመር ናት። ሁለተኛ፣ በእንግሊዝኛ ተጻፈ። "ዲር ፓረንትስ" ብሎ ይጀምራል። ለምን በእንግሊዝኛ? ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የሚያስተምር መሆኑን ወላጅ የሚያየው በዚሁ ደብተር ነዋ! ማስታወቂያው ራሱ ማስታወቂያ ነበር። ሐቁን እንናገር ካልን ወላጆቻችንም ይህንኑ ወደውት ነው የከፈሉት።

መምህራኑንም አንርሳቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ከአርባ በላይ ልጅ ይዛ፣ አርባ ደብተር ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በእጇ የምትገለብጥ፣ ደመወዟም ምናምን የሆነች ወጣት መምህርት ምን ታድርግ?

በ1996 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። የአያቱን ነገር ያነሳነው ልጅ ኤልኬጂ ነበር። እናቱ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከማታ አንድ ሰዓት በፊት አይገቡም። ደብተሩን የሚያዩት አያቱ ናቸው። በዚያን ምሽት ደብተሩ ላይ አንዲት አጭር መስመር ነበረች። ነገ ግማሽ ቀን ነው፣ ልጆቻችሁን በስድስት ሰዓት ውሰዱ ትላለች፤ በእንግሊዝኛ። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። ደብተሩን ወደ መብራቱ ጠጋ አደረጉት። ከዚያም ከታች ባለችው መስመር ላይ ያችን ባለ ጅራት ፊርማቸውን አኖሩ። በማግሥቱ መምህሯ ፊርማውን አየች፤ ቤተሰብ አውቋል ብላ ምልክት አደረገች።

ልጁ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተወሰዱ። መምህራኑም ሄዱ። ዘበኛው ዱካቸውን ለቀውለት፣ ቆሏቸውን አካፍለውት፣ ስለ አገራቸው ከብት ሲያጫውቱት ቆዩ። እማማ እንደ ወትሮው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲደርሱ ግቢው ጭር ብሏል። "ምን ሆናችሁ?" አሉ። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደሉም፣ "ደብተሩ ላይ ተጽፎ ነበር እኮ፣ እናቴ" አሏቸው። እማማ መልስ አልሰጡም። ቤት እስኪደርሱ አልተናገሩም። የልጁን እጅ ግን ጠበቅ አድርገው ይዘው ነበር፤ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎም እሱ የሚያስታውሰው ያንን ነው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ደብተሩን ነጠላቸው ሥር ደብቀው ወደ ሱቅ ይሄዱ ጀመር። የባለ ሱቁ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነበር፤ እሱ ያነብላቸዋል። የምስክር ወረቀቱ ከግድግዳው መቼ እንደወረደ ግን ማናችንም አላየንም። እኚህ ሴት ማንበብ የማይችሉ አልነበሩም። ማንበብ ችለው፣ በደብተር አላነበቡም የተባሉ ሴት ናቸው።

ከዚህ ወዲህ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት ይዘጉ ተባለ፤ ሁለት ሳምንቱ ወራት ሆነ። በዚያ ጊዜ ደብተሩ ወደ ቴሌግራም ገባ። በሰኔ 23 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ግድም ያም ጠፋ። ትምህርት ቤት ተከፍቶም ቴሌግራሙ ቀረ። አሁን የመረጃ እጥረት የለም፤ ጎርፍ ነው። የቀለም ቀን፣ የፍራፍሬ ቀን፣ የዩኬጂ ምረቃ ጋውን ክፍያ። ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን "ነገ የባህል ልብስ ይልበሱ" የሚለው መልእክት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርስና እናት ሰፈሩን ለትውስት ታስሳለች። ስልኩ ያለው ደግሞ መርካቶ ያለችው እናት ኪስ ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ የሚቆሙት ዛሬም አያት፣ ታላቅ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። አንዳንድ መምህራን መጻፉን ትተው በድምፅ መላክ ጀምረዋል፤ በአማርኛ፣ ልጆቹ ከኋላ ሲዘምሩ እየተሰማ። አንዲት የኮልፌ እናት ሱቋ ውስጥ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከዚያ ሁሉ ትርምስ የልጇን ድምፅ ስትለይ አይተናታል።

ባለፈው ገና ሰሞን ወደዚያው ሰፈር ጎራ ብለን ነበር። የበፊቱ ዘበኛ አርፈዋል። እሳቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ አምጥተው ነበር፤ መምህሯን ጠይቀው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍቱ የነገውን ጉዳይ ጮክ ብለው ለሁሉም መናገር። በቦታቸው ያለው ልጅ እግር ዘበኛ ነው። በሩን ከፈተና፣ "እናቶች! ነገ ግማሽ ቀን ነው፤ በስድስት ሰዓት!" አለ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ እናት ጠጋ ብለው፣ "ስልኩ ላይስ ሌላ ምን ብለዋል፣ ልጄ?" አሉት። ከኪሱ አውጥቶ ያነብላቸው ጀመር።